የተፈተንንበት ማሽላ፦ የመተማ ኬላ ዘመኔ

መተማ ኬላ ሥራ የገባሁት ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በዓመቱ፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ጆንያ መውጋት ነበር። ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ እንደ ቦይ የተቦረቦረ የብረት መውጊያ ሰጡኝ። ከሱዳን የሚገባውን ስኳርና ጨው እየወጋሁ፣ በመውጊያው ቦይ የሚወጣውን ለአለቃው ማሳየት ነው። ስኳር የተባለው ስኳር መሆኑን ለማወቅ ይመስል ነበር፤ በእውነቱ ግን የሚፈልጉት ጥይት ነበር።

አለቃችን ጣሊያናዊ ነው፤ ካፖ እንለዋለን። ከአስመራ አብሮት የመጣ በራኺ የሚባል አስተርጓሚ ነበረው። ካፖው በዚያ ቀን አንዲት አጭር ነገር ተናገረኝና ሄደ። በራኺ ግን ረጅም አድርጎ ተረጎመልኝ፦ «አትቅመስ፣ ከነጋዴ ጋር አትሳቅ፣ ነጋዴ ሲምል አትመን፣ መውጊያህን በየማታው በዘይት ወልውል ይልሃል።»

«ይህ ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ ነበር?» አልኩት።

«የመጀመሪያውን እሱ አለ። የቀረውን እኔ ጨመርኩልህ፤ ያዋጣሃል» አለኝ።

አዋጣኝም። ከመውጊያ ያዥነት ወደ ሚዛን ያዥነት ከፍ አልኩ። ሚዛን ያዥ ባስኩላውን፣ ትልቁን የጆንያ ሚዛን፣ ይቆጣጠራል፤ ጆንያው ሲጫን ክንዱ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ክብደቱን ጮክ ብሎ ለጸሐፊው ይናገራል። ከሚዛን ያዥ በላይ ጸሐፊ አለ። ከጸሐፊ በላይ ያለው ወንበር ሁሉ የነጭ ነበር።

ለጠላት ሠራህ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አዎ፣ ሠርቻለሁ። ጫካ የገቡትን አከብራለሁ፤ እኔ ግን አልገባሁም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከኬላ የተባረረ ወንድ ደግሞ ገንዳ ውኃ አጠገብ ወደሚሠራው መንገድ ነበር የሚነዳው። እዚያ የወረደውን ወባ እንጂ ዘመድ አይቀብረውም ይባል ነበር።

ሁለተኛው ሚዛን ያዥ ጌታሁን ይባላል። የጎጃም ሰው ነው፤ ከደጋ ዳሞት ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ እዚያው የቀረ። ቤተ ክህነት የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ቆላውን ፈጽሞ ያልለመደ ልጅ ነበር። «ይህች አገር እኮ ሰው አትፈልግም፤ የምትፈልገው ግመል ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

በሦስተኛው በጋ ካፖው ሁለታችንን አስጠራን። ከጎንደር ኢንስፔክተር ይመጣል አለ። ገበያውን አይቶ በየሳምንቱ ዋጋ ለምን እንደወጣና ለምን እንደወረደ የሚያስረዳ አንድ የአገሬው ተወላጅ ጸሐፊ ይፈልጋል። ትፈተናላችሁ። ያለፈው ጸሐፊ ይሆናል፣ ያላለፈው መንገድ ሥራ ይሄዳል፤ ለሁለት ሚዛን ያዥ የሚሆን ሥራ ከእንግዲህ የለም።

ከዚያ ወጣን። ጌታሁን ነው መጀመሪያ የተናገረው፦ «አብረን እናጥና። ለብቻ ለብቻ ከሆነ እንጣላለን።»

የሚያስጠናን በራኺ ሆነ። አስመራ በልጅነቱ የንግድ ትምህርት የተማረበት አሮጌ የጣሊያንኛ መጽሐፍ ነበረው። የአንድ ቤት ገቢና ወጪ ሳይሆን የአገር ሙሉ ገበያ፣ ገንዘብ፣ ቁጠባና ንግድ እንዴት እንደሚሄድ የሚያስተምር ነው። መጽሐፉ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ በየክፍሉ መጨረሻ የመልመጃ ጥያቄ አለ። ጣሊያኖቹ ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ሲተኙ ኬላው ይዘጋል። ያን ጊዜ ከኬላው መጋዘን ጀርባ ካለው የሁመር ዛፍ ሥር እንቀመጥና በራኺ እየተረጎመ ያነብልናል። አንድ ክፍል ሳንጨርስ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ጥያቄውን መልሰን፣ ተሳስተን፣ እንደገና መልሰን፣ ከዚያ ነው ገጽ የሚገለጠው።

በራኺ አንድ ሕግ ነበረው፦ «ምሳሌ የሌለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ፈታኝ የሚወደው ቦታውን ስትጠራለት ነው። የት አየህ ሲልህ አፍህ እንዳይያዝ።» ምሳሌውን ደግሞ ከመተማ ገበያ እንድናመጣ ያስገድደን ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ያለው ጥቂት የሚፈለገው ብዙ ስለሆነ ሰው አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ይተዋል፣ የመረጠውም ነገር እውነተኛ ዋጋ ያ የተተወው ነው የሚል ነበር። ጌታሁን እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘውና ያንበለብለው ጀመር። በራኺ «ምሳሌ!» ሲለው ቆመ። እኔ ስለ ግመል ነጂው አደም ተናገርኩ። አንድ ግመል አለው፤ ጨው ከጫነ ስኳር አይጭንም፤ እንግዲህ የጨው ጉዞው ዋጋ የቀረበት የስኳር ትርፍ ነው። «ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አለ በራኺ። ጌታሁን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ወርዶ ምሳሌ ማደን ያዘ፤ ያገኘውንም ሲነግረን ፊቱ ይበራ ነበር።

ስለ ገንዘብ የሚናገረው ክፍል አስቸገረን። ያን ጊዜ በመተማ ጠገራ ብር፣ የሱዳን ግርሽና የጣሊያን የሊሬ ወረቀት አንድ ላይ ይሠሩ ነበር። ሕጉ ወረቀቱን ተቀበሉ ይላል። ሰዉ ወረቀቱን ይቀበላል፣ ብሩን ግን ይቀብራል። መጽሐፉ፣ ዕቃው ሳይጨምር ወረቀት ብቻ ሲበዛ የሁሉም ነገር ዋጋ ይወጣል ይላል። ይህን በቃል መያዝ ቀላል ነው፤ ማመን ግን ቸገረን። ጌታሁን «ወረቀት ሲበዛ ሰው ሀብታም ይሆናል እንጂ እንዴት ይደኸያል?» አለ።

ያስረዱን ሐጅ ኑሩ ናቸው። ሐጅ ኑሩ ትልቁ የማሽላ ነጋዴ ነበሩ፤ ድንጋይ ግድግዳ ቆርቆሮ ክዳን ያለው መጋዘናቸው ከኬላው ብዙም አይርቅም። ከሶላት ሲመለሱ ስንከራከር ሰሙንና ቆሙ።

«አንት ልጅ» አሉት ጌታሁንን፣ «ሠርግ ቤት አንድ በሬ ታርዶ እንግዳው ሲበዛ ምን ይሆናል?»

«ቁራጩ ያንሳል፣ ሐጅ።»

«ሊሬውም እንግዳ ነው። መንገድ ሠሪውን ሁሉ፣ ወታደሩን ሁሉ በወረቀት ይከፍሉታል። በሬው ግን ያው አንድ በሬ ነው። ማሽላ የጨመረ ገበሬ አለ? የለም። ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የምንከራከርበትን ጥያቄ ሁሉ ወደ ሐጅ እንወስድ ነበር። ሰዓት አይሰስቱም፤ ግን ሞኝ ጥያቄ ሲጠየቁ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ይነሣሉ። ያን ጊዜ በራኺ እንኳ ያፍር ነበር።

ስለ ቁጠባ የሚናገረው ክፍል ላይ ስንደርስ ጌታሁን ወባ ያዘውና ተኛ። ጥያቄው «ያልተበላ ምርት ሁሉ ከገበያ የተደበቀ ነው ወይ?» የሚል ነበር። ብቻዬን ወደ ሐጅ ሄድኩ። ጥያቄዬን ሰምተው የመጋዘኑን ኋለኛ ክፍል ከፈቱልኝ።

እስከ ክዳኑ ድረስ የማሽላ ዛላ ነው። ያልተወቃ፣ ትልልቅ፣ የተመረጠ ዛላ፣ በእስር በእስር ተንጠልጥሎ ተደርድሯል። እያንዳንዱ እስር የታሰረበት ልጥ ይለያያል፤ አንዱ ባለ ሁለት ቋጠሮ፣ አንዱ የተጎነጎነ፣ አንዱ ቀይ ጨርቅ ያለበት።

«ይህ የእኔ አይደለም» አሉኝ። «ዘር ነው። ከሳንጃ በታች ያሉ የአርማጭሆ ቆላ ገበሬዎች ያስቀመጡት። ወታደር ቤታቸውን ጎታቸውን ያቃጥላል፤ የእኔን ቆርቆሮ ግን አያቃጥልም። ዝናብ ሲጥል እያንዳንዱ መጥቶ የራሱን ቋጠሮ ለይቶ ይወስዳል። ረሃብ ቢገባ እንኳ ይህ አይሸጥም። ይህ የዘንድሮ እህል አይደለም፤ የሚመጣው ዓመት አገር ነው።»

ጥያቄዬን እንደመለሱልኝ ገባኝ። እነዚህ ገበሬዎች ወንድሞቻቸው ጫካ ያሉ መሆናቸውም ገባኝ። «ከአፍህ እንዳይወጣ» አሉኝ፤ በማርያም ስም ማልኩላቸው። ጌታሁን ከወባው ሲነሣ የመጽሐፉን መልስ አስጠናሁት፤ ያየሁትን አልነገርኩትም። ዛሬም እንደዚያ ብምል አልናገርም።

ችግሩ ጌታሁን ምሳሌ አዳኝ መሆኑ ነው። ካገገመ በኋላ ሐጅን ሊጠይቅ ሄዶ፣ ገርበብ ብሎ በቀረ በር ያንን የተከመረ ዛላ አየው። በደጋ ዘር የሚቀመጠው በየሰው ጎታ ነው። የአገር ዘር በአንድ ነጋዴ ቤት አደራ ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ የደጋ ሰው የለም። የተደበቀ የነጋዴ እህል መሰለውና፣ ያየውን ለእኔም ለበራኺም ሳይነግር ለፈተናው ቀን አስቀመጠው።

ፈተናው በኬላው በረንዳ ላይ ሆነ። ኢንስፔክተሩ ላቡን እየጠረገ በትሕትና የሚናገር ሰው ነበር። በራኺ መሃል ቆሞ ይተረጉማል። መጀመሪያ የቀረብኩት እኔ ነኝ።

የቀለሉትን ጥያቄዎች ካለፍን በኋላ ዋናው መጣ፦ «በዚህ ገበያ የማሽላ ዋጋ ለምን ወጣ?»

«ዕቃው ሳይጨምር ወረቀቱ ስለበዛ ነው» አልኩ።

በራኺ ሲተረጉም ድምፁ ቀነሰ። ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ምሳሌ?»

«የጨው ነጋዴዎች ለብር አንድ ዋጋ፣ ለወረቀት ሌላ ዋጋ ይጠራሉ።»

«የትኛው ነጋዴ? ስም?»

«ገበያው ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ጌታዬ።»

አጥብቆ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩ። ወረቀት አልቀበልም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ ስም ልጠራ አልቻልኩም። እንድወጣ በእጁ ጠቆመኝ። መውደቄን ያን ጊዜውኑ አወቅሁት፤ ከበረንዳው ሥር ቆሜ የጌታሁንን መልስ መስማት ጀመርኩ።

ጌታሁን ግሩም አድርጎ መለሰ። ወረቀቱንም አነሣ፤ ነገር ግን እንደ መጽሐፉ አሟልቶ፣ «ያለ እህል ወደ ገበያ ሳይወጣ ሲቀርም ዋጋ ይወጣል» ብሎ ጨመረ።

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። «የት አየህ?»

«በሐጅ ኑሩ መጋዘን፤ እስከ ክዳኑ ድረስ ማሽላ አለ።»

በራኺ አልተረጎመም። ግን ሰውየው ስሙንም ሰምቷል፣ መጋዘን የሚለውን ቃልም ያውቀዋል። የሚፈልገውን መልስ አግኝቶ ተነሣ።

በዚያው ቀን ወታደሮች መጋዘኑን ሰበሩ። ሐጅ ኑሩን በሕዝብ ፊት አቁመው የማን እህል ነው ብለው ጠየቋቸው። የባለቤቶቹን ስም ቢጠሩ እሳቸው ይድኑ ነበር። «የእኔ ነው» አሉ። «ለምን ደበቅኸው?» ሲሏቸው፣ «ዋጋ እስኪወጣ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያላደረጉትን በራሳቸው ላይ መሰከሩ። አስረው ወደ ጎንደር ወሰዷቸው።

ዛላው ተወቅቶ ገበያ ወጣ። ዋጋው ወረደ። ሰዉ ተደሰተ፤ ኢንስፔክተሩን የመረቁም ነበሩ። ሚስቴም ደስ ብሏት ከዚያው ማሽላ ገዝታ መጣች፤ እንጀራው ሲቀርብልኝ መብላት አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ልነግራት ስላልቻልኩ ወባ ጀመረኝ አልኳት። ብዙም ሳይቆይ ያ እህል አለቀና ዋጋው ከቀድሞው በላይ ወጣ። ወረቀቱ አሁንም እየመጣ ነበራ።

ጌታሁን ጸሐፊ ሆነ። ወደ መንገድ ሥራ ልነዳ ስል ሊሰናበተኝ መጣ። ያዘነው ለእኔ ነበር፤ በመልሱ ግን ይኮራ ነበር።

«ስም ብትጠራ ኖሮ እኩል ነበርን፣ ማሩዬ» አለኝ። «በራኺ ስንት ጊዜ ነገረን።»

ሐጅ ታስረዋል፤ መሐላው የሚጠብቀው ነገር አልቀረም። «ያ ማሽላ ዘር ነበር» አልኩት።

«የማን ዘር?»

«የአርማጭሆ ቆላ ገበሬ ሁሉ። ጎታቸው ስለተቃጠለ አደራ ያስቀመጡት።»

ሳቅ ብሎ ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቴን አየ። ከዚያ ባስኩላው ላይ ቁጭ አለ። የሚዛኑ ክንድ ተነሥቶ ሲመታ እንኳ አልሰማም።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ምዬ ነበር።»

«እኔ አልማልኩም» አለ። «ማንም አላስማለኝም። ማንም አልነገረኝም።» አልተቆጣኝም። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «የሚዘሩት መቼ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

«ዝናብ እንደጣለ። ግንቦት፣ ቢዘገይ ሰኔ።»

ገንዳ ውኃ ያየሁትን ሌላ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ድንጋይ ፈለጥን፣ ታመምን፣ ብዙዎች ሞቱ። የመተማን ወሬ የሚያመጣልን ግመል ነጂው አደም ነበር።

ጌታሁን ከሐጅ ኑሩ ሚስት፣ ከወይዘሮ ሐሊማ ደጅ ሄዶ «የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብሎ እንደቆመ የነገረን አደም ነው። በሩን ዘጉበት። በማግስቱም ሄደ፣ ዘጉበት። ሲሰለቻቸው «ምን ትፈልጋለህ?» አሉት። «ወንድምዎ ድንበር ማዶ ገላባት ይኖራሉ። ዘር ይላኩ፤ ድንበሩን እኔ አሳልፈዋለሁ» አላቸው።

ከሱዳን በኩል በአህያ የተጫነ የማሽላ ዛላ መግባት ጀመረ። ጌታሁን እያንዳንዱን ጭነት «የጦሩ በቅሎ መኖ» ብሎ ይጽፍና ያሳልፋል። የጸሐፊ ቃል ስለሆነ መውጊያ ያዡም ሚዛን ያዡም አይጠይቅም። ዛላው በመተማ ጓሮ አልፎ ሌሊቱን ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ወደ አርማጭሆ ወረደ። አደም ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። በኬላ ሕይወት አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ መኖ የተባለ ነገር በመጨረሻ በቅሎ ዘንድ መድረስ አለበት።

ካፖውም ያወቀው በዚያ ነው። የጦሩ በቅሎዎች አዛዥ መኖ አለቀብኝ ብሎ ሲመጣበት፣ በመዝገቡ የገባው መኖ የት እንደደረሰ ፈለገ።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ፣ በጭቃ መንገዱን ስንጠግን ከመተማ በኩል የጭነት መኪና መጣ። ጎማው ስለተያዘ እንድንገፋ ታዘዝን። ትከሻዬን ደግፌ ስገፋ ከላይ ስሜ ተጠራ። ቀና ብል ጌታሁን ነው፤ እጁ የኋሊት ታስሯል፣ አንድ ዓይኑ አብጧል።

«ማሩ!» አለኝ፣ «ወደ አርማጭሆስ ዘንቧል?»

የወታደሩ አለንጋ ጀርባዬ ላይ አረፈ። «ዘንቧል!» አልኩት። «በደንብ ዘንቧል! ሲዘሩ ያያቸው ሰው አለ!»

ራሱን ነቀነቀና ፈገግ አለ። መኪናው ከጭቃው ወጣ። እኛው ገፍተን አወጣነው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ጎንደር እንደገደሉት በኋላ ተረጋገጠ። አልቅሼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን አካፋዬን ይዤ በሰው ፊት አለቀስኩ።

ጣሊያን ሲወጣ ሐጅ ኑሩ ከእስር ተፈተው ተመለሱ። ከስተዋል፣ ጥርሳቸው ረግፏል። ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ማን እንደተናገረባቸው፣ ማን ዘሩን እንዳስገባ፣ ሁለቱም አንድ ሰው መሆኑን።

«ተዝካሩ ወጣለት?» አሉኝ።

«ዘመድ የለውም እዚህ። እናቱ ጎጃም ናቸው፤ መሞቱንም አልሰሙ ይሆናል።»

«ቄሶቹን ጥራ። እህሉ ከእኔ ቤት ይወጣል። እኔ ሥርዓቱን አላውቀውም፤ ምን ያህል እንደሚበቃ አንተ ንገረኝ።»

በተዝካሩ ቀን የአርማጭሆ ገበሬዎች መጡ። ጌታሁንን በአካል የሚያውቀው አንድም አልነበረም። እያንዳንዱ ከአዲሱ አዝመራ አንድ እስር ዛላ ይዞ መጥቶ ለወይዘሮ ሐሊማ አስረከበ። ሐጅ ኑሩ ከውጭ፣ ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ሰው ሁሉ በልቶ እስኪነሣ አልተቀመጡም።

ኬላው በመንግሥታችን ስም ሲከፈት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። በኋላ ፈታኝም ሆኛለሁ። ለአዲስ ሠራተኞች ያንኑ መጽሐፍ በክፍል በክፍል አስጠናኋቸው፤ መጽሐፉ ስህተት የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩበት፦ ዋጋ ለምን ወጣ ሲሏችሁ፣ የማንንም መጋዘን ከመጥራታችሁ በፊት ያለው እህል የማን እንደሆነና ለመቼ እንደተቀመጠ ባለቤቱን ጠይቁ።